ኢሱዙው ገደል የገባ ዕለት፦ ጎንደር ላይ የተሰቀለ አንድ ሥዕልና የሳቁበት ሰዎች

ፒያሳ አጠገብ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። ከእናቴ የወረስኳት ናት። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ረከቦት፣ ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ ሰፊ ባዶ ግድግዳ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ሥዕልና ሥዕሉን ስላዩ ሰዎች ነው። ሰው በማይገባው ሥዕል ሲስቅ "አያውቅም" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሐሳቤን ቀየርኩ። እንዴት እንደቀየርኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ተመልሷል። ስሙን አልጽፍም፤ እሱም አይፈልግም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ መጣና "አክስቴ፣ ጥምቀት እየደረሰ ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ግድግዳሽን አውሽኝ" አለኝ። እሽ አልኩት።

አምስት ሥዕል ሰቀለ። አራቱ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱን በጥምቀት ማግስት አንድ እንግዳ ገዛው። ነገሩ ሁሉ የመጣው በትልቁ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። መደቡ አመድማ ነው። ከታች ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ወፍራም ቡናማ ቀለም አለው፤ በጣት የተጎተተ ይመስላል። ላይ ቀኝ ጥግ አካባቢ ብርቱካን የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ሌላ ምንም የለም። ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ የፋሲል ግንብ የለም። ከሥሩ በትንሽ ወረቀት "ርዕስ አልባ" ብሎ ጻፈ። ዋጋውንም ጻፈ፤ 60,000 ብር።

ሳቁ በማግስቱ ጠዋት ጀመረ።

"ቀለም ቀቢው ሳይጨርስ ነው እንዴ የሄደ?" አለ አንዱ። "ርዕስ አልባ" የሚለውን ያነበበ መምህር ደግሞ "ይሄ ልጅ ገና ክርስትና አልተነሳም" አለ። ከአርማጭሆ እህል ይዞ የመጣ ነጋዴ "የኔ አህያ ጭራዋን ቀለም ነክራ ብታወዛውዝ ከዚህ የተሻለ ይወጣታል" ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገብታ "የኔውም ልጅ እንዲህ ይሥላል፤ እኔ ግን ግድግዳ አበላሸህ ብዬ እቆጣዋለሁ" አለች።

ከሁሉ የባሰው ግን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሥራ ሳይጀምር ጠዋት ጠዋት ይመጣል። አንድ ስኒ ጠጥቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ሥዕሉን አየት አደረገና "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሊማሊሞ ነው" አለኝ። "ቡናማው መንገዱ ነው። ቀይዋ የኢሱዙ የኋላ መብራት ናት። ሹፌሩ ፍሬን ይዟል።"

ሊማሊሞን ለማታውቁ፣ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ደባርቅ ታልፋ ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ ነው። ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሹፌር ሁሉ ስሙን ሲሰማ ያማትባል። የባጃጅ ሹፌሩ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የኢሱዙውን ዜና ያመጣ ጀመር። አንድ ቀን "ጎማው ተነፈሰ"። ሌላ ቀን "ረዳቱ ታኮ ሊያስገባ ወርዷል"። ሌላ ቀን "የጫነው ሽንኩርት ነው፤ ካልቸኮለ ይበሰብስበታል"። ሰው የሱን ወሬ ለመስማት ብሎ ቀድሞ ይመጣ ነበር።

የእህቴ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። አይናገርም። በሳምንቱ "አክስቴ፣ ላውርደው" አለኝ። ፊቱ ጠቁሯል። ያን ቀን ተናደድኩ። ነጋዴው እንደገና ስለ አህያው ሲያወራ "ያላወቅኸውን ነገር ዝም በል" አልኩት፤ በሰው ፊት። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ለሁለት ሳምንት አልተመለሰም። ይህ የኔ ጥፋት ነበር። በእናቴ ቤት እንግዳ በክፉ ቃል አይሸኝም ነበር።

ከእህቴ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳጽናናው፣ እሱ ራሱ አንድ ታሪክ ነገረኝ። የነጋዴው ቀልድ ለካ እውነት ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1910 ፓሪስ ውስጥ ቀልደኞች ሎሎ የምትባል አህያ ጭራ ላይ ብሩሽ አሰሩ። አህያዋ ጭራዋን ስታወዛውዝ የወጣውን ሥዕል "ቦሮናሊ" በሚባል በሌለ ሰዓሊ ስም ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀሉት። በኋላ ምስጢሩን ራሳቸው አወጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ የተሰባሰቡ ወጣት ሰዓሊዎች ደግሞ ቡድናቸውን "የአህያ ጭራ" ብለው ሰየሙት። ስድቡን አንስተው ስም አደረጉት።

ነጋዴው ሲመለስ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥዬ "አህያህ ተቀድማለች" ብዬ ታሪኩን ነገርኩት። እስኪያለቅስ ሳቀ። ሲበቃው ተነሳና ወደ ሥዕሉ ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀርቦ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ቡናማውን በጣቱ ሊነካ ብሎ ተወው። "ደርቋል?" አለኝ። ደርቋል አልኩት።

ዋጋው የዘጋው በር

በዚያ ሰሞን በስልክ ሁሉ የሙዙ ወሬ ነበር። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን እ.ኤ.አ. በ2019 ማያሚ ላይ አንድ ሙዝ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጥፎ በ120,000 ዶላር ሸጦ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው ሥራ ኒው ዮርክ ሶዝቢስ ጨረታ ላይ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። የገዛው ሰው ሙዙን በካሜራ ፊት በላው። ደንበኞቼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አንዱ ወደ ትልቁ ሥዕል እያመለከተ "ያኛው ሙዙ ነው፣ ይሄኛው ልጣጩ" አለ።

ያኔ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሰው ገብቶ መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል። ዝም ይላል። ቀጥሎ ወረቀቱን ያነባል። የሚስቀው ያኔ ነው። ሳቁ ከሥዕሉ ይልቅ ከወረቀቱ ይመጣል። እኔ ደግሞ ይህን አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው 60,000 ብር ምን እንደሆነ ያውቃል። የጎማ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ነው። ያን ገንዘብ የጣት ጉተታ ከሚመስል ነገር ጎን ሲያይ የተሰደበ መሰለው። ቀልዱ ለስድቡ መልስ ነበር።

የእህቴን ልጅ የዋጋውን ወረቀት እንዲያነሳ ለመንኩት። "የፈለገ ይጠይቅህ" አልኩት። በቦታው አንድ የተማሪ ደብተር በክር አሰርኩ፤ እስክሪብቶ ጨምሬ። ሽፋኑ ላይ "ምን ይታይዎታል?" ብዬ ጻፍኩ።

ወሬው ተለወጠ። ድሮ "ማን ይገዛዋል?" ነበር። አሁን "ምን ይመስላል?" ሆነ። ቀልዱ አልቆመም፤ እንዲቆምም አልፈለግኩም። አንዱ "የጨጓራዬ ራጅ" ብሎ ጻፈ። ሌላው ገጹን ሙሉ "ምንም" ብሎ ሞላው። ግን "ጎርፍ የሄደበት የአባቴ ማሳ" የሚልም ተጻፈ። "እናቴ ሊጥ ስታቦካ ጣቷ የሚተወው" የሚል አለ። አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ "ቀይዋ ጉሮሮዬ ላይ ያለችው ናት" ብላ ጽፋለች። ይህን ማታ ቤት ስዘጋ አነበብኩት። ለእህቴ ልጅ ደወልኩና አነበብኩለት። ብዙ ዝም አለ።

"የኔውም ልጅ እንዲህ ይሥላል" ያለችውን እናት አልረሳኋትም። እሷ ያለችው በዓለም ሁሉ የሚባል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ቦስተን ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውታል። የታወቁ ረቂቅ ሰዓሊዎችን፣ ማለትም ምንንም የማይመስል ሥዕል የሚሥሉ ሰዎችን፣ ሥራ ከሕፃናትና ከእንስሳት ሥራ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ለተማሪዎች አሳዩ። ተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ የሰዓሊውን ሥራ የተሻለ ብለው መረጡ፤ ማን እንደሣለው የሚናገረው ጽሑፍ ተቀያይሮ ተለጥፎ እያለም ጭምር። ሁልጊዜ ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ እናትየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። መለየት ይቻላል፤ ለመለየት ግን ማየት ይጠይቃል።

የየኔታ ጥያቄ

በጥምቀት ማግስት አንድ የቅኔ መምህር መጡ። ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀመጡና ሁለተኛው ቡና እስኪመጣ አዩት። አልሳቁም። የእህቴን ልጅ አስጠሩት።

"ልጄ፣ ቅኔ ሰም አለው" አሉት። "ሰሙን ሁሉም ይሰማል። ወርቁን የፈለገ ይፈልጋል። አንተ ግን ወርቅ ብቻ ነው ያለኝ ትላለህ። አንጥረኛ መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ያወጣል። ሰም ከሌለ ወርቁ በምን ቅርጽ ይፈሳል?"

ከሰማሁት ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ከሳቁም ከስድቡም ይከብዳል።

የእህቴ ልጅ አሰበና "የኔታ፣ ክታብ ላይ ያለው ዓይንና መረብስ? ምንን ይመስላል? ምንንም አይመስልም" አላቸው። ያለው እውነት ነው። ብራና ላይ የሚሣለው ጠልሰም ዓይን፣ ኮከብና መረብ ነው። የግዕዝ መጻሕፍት መክፈቻ ላይ የሚሣለው ሐረግም ሰውም ዛፍም ሳይሆን መስመር በመስመር የተጠላለፈ ነው። ሰዓሊዎቻችን እነ እስክንድር ቦጎሲያንና እነ ዘሪሁን የትምጌታ ከዚያ ብዙ ወስደዋል።

የኔታ ፈገግ አሉ። "ክታቡን የሚያየው በሽተኛው አይደለም፤ የያዘው ጋኔን ነው ይባላል። አይቶ እንዲሸሽ ነው። እሱ ሥራ አለው። ያንተ ሥራው ምንድን ነው?"

ልጁ መልስ አላገኘም። የኔታም አላስጨነቁትም። "አስብበት" ብለው መርቀውት ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ አብረን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጣሪያው ላይ መላእክቱ ፊታቸውን ደርድረው ቁልቁል ያያሉ። ግድግዳው ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቆሜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ይህን እኔ አልፈታሁትም። እናቴ ነች በጣቷ እያሳየች "ባንድ ዓይን የተሣሉት ክፉዎቹ ናቸው" ያለችኝ። ባትነግረኝ ኖሮ ሰዓሊው አንድ ዓይን የረሳ ይመስለኝ ነበር። ያን ሥዕል ማንበብ ጎንደር ለልጆቿ ታስተምራለች። የኔን ግድግዳ ለማንበብ ግን ማንም ምንም አልተነገረውም። "ርዕስ አልባ" የሚል ወረቀትና ዋጋ ብቻ ነበር።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። "ምን እንደሆነ ከነገርኳቸው እሱን ብቻ ነው የሚያዩት" አለኝ። ይህም እውነትነት አለው። ከዚያ እሱ ስለሚወደው ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰ፣ ረቂቅ ሥዕልን አዲስ አበባ ላይ ካስተዋወቁት ዋናው። ሲመለስ "ይሄ የኛ አይደለም" ያሉት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። የእህቴ ልጅ ስለ ሥዕሎቹ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ገጣሚም እንደነበረ አስታወስኩት። ግጥሙ በጠራ አማርኛ ነው፤ በቃሉ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። በሥዕሉ በር መግባት ያልቻለ ሰው በግጥሙ ይገባ ነበር። አንድ ሌላ በር መክፈት ሥዕሉን አያረክሰውም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

ዘጠኙ ቀን

የካቲት ላይ ከጀርባው ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ፈነዳ። ግድግዳው ራሰ። የእህቴ ልጅ ለሥራ ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። ሥዕሎቹን አውርደን ግድግዳውን አስጠገንኩ፣ ቀለም አስቀባሁ። ትልቁ ሥዕል ከጀርባው ማንጠልጠያ ሽቦ የለውም፤ እንጨቱ ሁለት ሚስማር ላይ ይቀመጣል። የቀን ሠራተኛው መልሶ ሰቀለልኝና "እንዲህ ነው?" አለኝ። ቡና እየቆላሁ ነበር። ዞር ብዬ "አዎ፣ ልክ ነው" አልኩት።

ልክ አልነበረም። ተገልብጦ ነበር።

ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ዋለ። እኔ በየቀኑ ከፊቱ አልፋለሁ። ሰው ከፊቱ ቡና ይጠጣል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ማንም ምንም አላለም። የባጃጅ ሹፌሩ ዘመድ ሞቶበት ዳባት ነበር። በዘጠነኛው ቀን መጣ። ተቀመጠ። ስኒውን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

"እትዬ፣ ኢሱዙው ገደል ገባ!"

የተለመደው ቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ሄደ። "ቀይዋ እዚህ ላይ ነበረች። አሁን ግራ ታች ወርዳለች። መንገዱም ከታች ይወፍር ነበር፤ አሁን ከላይ ወፍሯል። ገልብጣችሁታል።"

ቀርቤ አየሁ። ከቡናማው የተንጠባጠበው ቀጭን ቀለም ወደ ላይ ፈስሷል። ቀለም ወደ ላይ አይፈስም። ማስረጃው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በታላላቅ ሙዚየሞችም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ የአንሪ ማቲስ ጀልባ ያለበት ሥራ ለ47 ቀን ተገልብጦ ተሰቅሎ ነበር። ያወቀችው ጎብኚ ናት እንጂ የሙዚየሙ ሰው አይደለም። የፒየት ሞንድሪያን አንድ በባለቀለም ፕላስተር የተሠራ ሥራም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተገልብጦ እንደኖረ እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመን ውስጥ ተነገረ። ፕላስተሩ እንዳይረግፍ ተፈርቶ እንደተገለበጠ እንዲቆይ ተወሰነ። ሰዎች እነዚህን ታሪኮች የሚያወሩት "ያው ማጭበርበር ነው፤ ላይና ታቹን እነሱም አያውቁትም" ለማለት ነው። ንዴታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ማን እንዳወቀ ነው ልብ የምለው። የኔ ሥዕል ላይና ታች ነበረው። አንድ ሰውም ያውቀው ነበር። ያወቀው ከሁላችን ይበልጥ ሲስቅበት የኖረው ልጅ ነው። ስንት ጠዋት አብሮት ቡና ጠጥቷል። ጎማ አስተንፍሶለታል፣ ታኮ አስገብቶለታል። እኔ ሥዕሉን ስከላከልለት ነበር እንጂ አላየሁትም።

እዚህ አገር ቀልድ እንዲህ ነው። አዝማሪ ፊት ለፊት ቆሞ በቁመትህ፣ በሚስትህ፣ በኪስህ ይገጥምብሃል። ልብ ያላለውን ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህን ከልጅነቴ ስሰማ አድጌ፣ በገዛ ቤቴ ሲሆን ጠፋኝ።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩና ጥፋቴን ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። "ማን አወቀው?" ብቻ አለኝ።

"ባለ ኢሱዙው።"

"ያ የሚስቅብኝ?"

"እሱው።"

ቅዳሜ ከባሕር ዳር መጣ። ሹፌሩ መሰላሉን ያዘለት፤ እሱ አንስቶ አዞረው። ቀይዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ቡና ቀዳሁላቸው።

"ግን ለምን ሣልከው?" አለው ሹፌሩ።

የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። አባቱ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ውጭ የሚነደውን እንጨት ጭስ ሲያይ ያደረበትን ሌሊት ነገረው። እኔም ያን ሌሊት እዚያ ነበርኩ። አላውቅም ነበር።

ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። እሱም ገና ከለቅሶ መመለሱ ነው። ቆይቶ "ታዲያ ይሄን ከሥሩ አትጽፈውም ነበር?" አለው።

"ብጽፈው አንተ ኢሱዙውን ታየው ነበር?"

ሹፌሩ አሰበ። "አላይም" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "60,000 ግን ውድ ነው" አለው።

"ውድ ነው" አለ የእህቴ ልጅ።

ትልቁ ሥዕል እስካሁን አልተሸጠም፤ እዚያው አለ። የኔታ ሌላ ጊዜ መጥተው "አሰብክበት?" ብለውት ነበር፤ "እያሰብኩ ነው" አላቸው። ደብተሩ ሞልቶ ሁለተኛ ገዝቻለሁ። ባለፈው ግድግዳውን ላጸዳ ሥዕሉን ስናወርድ ጀርባውን አየሁት። የእህቴ ልጅ እንጨቱ ላይ በከሰል ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ሥሎ፣ ከጎኑ በትልልቅ ፊደል ጽፏል፦ "ኢሱዙው በዚህ በኩል ይወጣል።"